«ጋን ያጣ ሠርግ» እንዴት እንደተጻፈ

ባለፈው ሐሙስ አንድ ወጣት የሙዚቃ አስተማሪ ቤቴ መጣ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበርና ጫማውን በረንዳ ላይ አውልቆ በካልሲው ገባ። የሶዶን ቀይ ጭቃ እስከ ሳሎኔ ይዞ የሚገባ ሰው እንደማልወድ አስቀድሞ ሳይነገረው አልቀረም። የተቀቀለ ቦዬ፣ የእኛን አገር ሥራ ሥር፣ በቃሪያ ዳጣ አቀረብኩለት። ቃሪያው በርትቶበት ዓይኑ እንባ እያቀረረ ሁሉንም በላ፤ ከዚያ ከቦርሳው አንድ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ።

ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ተማሪዎቹ «ጋን ያጣ ሠርግ»ን ሊያሳዩ ነው። ለማያውቀው ልንገር፤ «ጋን ያጣ ሠርግ» ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዜማ የሚሄድ አስቂኝ ተውኔት ነው፤ ፈረንጆች ኮሚክ ኦፔራ የሚሉት ዓይነት። በእኛ ዞን ያላየው ሰው ጥቂት ነው። ቤሌ ታይቷል፣ ቦምቤ ታይቷል፣ ሁምቦ በዚያ ሙቀት ሰው ዛፍ ላይ ወጥቶ አይቶታል። ዛሬ ትልልቅ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎች ትምህርት ቤት ሳሉ ተጫውተውታል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አሁን ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ።

ወረቀቱ ለተመልካች የሚታደል ነው። ከላይ «የሥራው ታሪክና ዳራ» ይላል፤ ከሥሩ አምስት መስመር አለ። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁት። «ተውኔቱ የተዘጋጀው በጊዜው የባህል ኮሚቴ ሰብሳቢ በነበሩት በአቶ ማዳ በጎ ሐሳብ ነው፤ እሳቸው ለሰው ልጆች እኩልነት የታገሉ ነበሩ» ይላል። ቆሽቴ አረረ። ልጁ ምን ያድርግ፣ የነገሩትን ነው የጻፈው። ፊቴ መለዋወጡን አይቶ ወሬውን ቀየረ።

«ቲቸር ዘነበች» አለኝ፣ «ተማሪዎቼ በአንድ ጥያቄ አስቸግረውኛል። መጨረሻው ላይ ሸክላ ሠሪው ለምንድን ነው የማይጠጣው? ታርቀው ቢጠጡ አያምርም ነበር?»

ወረቀቱን ተውልኝና ሰኞ ተመለስ አልኩት። እንግዲህ ታሪክና ዳራ ከተባለ፣ ታሪኩም ዳራውም ይኸው። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናገር፤ እኔ ቂመኛ ነኝ። አቶ ማዳን «እሳቸው» እንድለው የሚጠብቅ ካለ ቢተወው ይሻላል።

ቤታችን ከሶዶ ወደ ሁምቦ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ሸክላ ሠሪዎች ብቻ የሚኖሩበት ሰፈር ነበር። እናቴን አዬ ነው የምላት፤ በወላይትኛ እናት ማለት ነው። አዬ ታበጃለች፤ አባቴ አንጁሎ ጭቃውን ከወንዝ ዳር ቆፍሮ ያመጣል፣ ገለባና ጭራሮ ለቅሞ ይተኩሳል፣ በገበያ ቀን በአህያ ጭኖ ያወጣል። ግቢያችን ሁልጊዜ የእርጥብ አፈርና የጭስ ሽታ ነበረው። አሁንም መጀመሪያ ዝናብ ሲጥል ያ ሽታ ይመጣብኛል።

በዚያ ጊዜ ሰው በእኛ ድስት ይቀቅላል፣ በእኛ ጋን ይጠምቃል፣ በእኛ ሳህን ይበላል፤ እኛ የጠጣንበትን ቅል ግን አይነካም። ለምን እንደሆነ ስንቱን ጠየቅሁ፤ በቅጡ የመለሰልኝ የለም። አብዮቱ ሲመጣ ይህ ቀርቷል ተባለ። ቀርቷል፣ በስብሰባ ላይ።

በስብሰባ ላይ ደግሞ ከሁሉም ጎላ አድርጎ የሚናገረው አቶ ማዳ ነበር። ወፈር ያለ፣ ባርኔጣ የማይለየው፣ ንጹህ ሰው ነው። ከመናገሩ በፊት ከደረት ኪሱ አራት ላይ የታጠፈ ነጭ መሐረብ ያወጣል፤ ይዘረጋዋል፤ አፉን መጀመሪያ በቀኝ ከዚያ በግራ ይጠርጋል፤ በዚያው እጥፋት መልሶ ያጥፈዋል። ከዚያ «የሰው ልጅ ሁሉ እኩል ነው» ይላል። እኔም በቀበሌው የኪነት ቡድን ዘፋኝ ነበርኩና በየስብሰባው መክፈቻ እየዘፈንኩ ይህን ንግግር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም።

አባቴ አንድ ወዳጅ ነበረው፤ ቤተሰቡ ከጉራጌ አገር የመጣ አናጢ። እንጨት አብረው ይጭናሉ፣ ይቀላለዳሉ። አናጢው ልጁን ሲድር እኛን ሁሉ ጠራ፤ እኔን ደግሞ ከኪነት ጓደኞቼ ጋር እንድንዘፍን ለመነን። አባቴን በር ሥር ሳይሆን መሐል ቤት፣ ከትልልቆቹ ጋር አስቀመጠው። አባዬ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲቀመጥ አየሁት። ጥፍሮቹ ሥር ያለውን ጭቃ ጠዋት በድንጋይ ሲፈትግ ነው ያረፈደው።

በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ከልብ ሲዋደዱ፣ ወይም ሽማግሌ እንዲዋደዱ ሲፈልግ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው ከአንድ ቅል ይጠጣሉ። አናጢው ቦርዴው ሞቅ አድርጎት ነበር። አንድ ትልቅ ቅል ሞልቶ አመጣና አንጁሎና አቶ ማዳ አብረው ይጠጡ፣ አዲስ ዘመን አይደለም ወይ አለ። ሰው ሳቀ። አባቴ ቅሉን ተቀብሎ ጎንበስ አለና ጉንጩን አስጠጋ። አቶ ማዳ ፊቱን ወደ ኋላ ሳበ። አባቴ ያልገባው መስሎት ለማለማመድ ይመስል ትንሽ ፉት አለለት። ያኔ ማዳ ቅሉን ከእጁ ወሰደ፤ የቀረውን ቦርዴ መሬት ላይ ደፋ፤ ቅሉን ምሰሶው ላይ መትቶ ሰበረው። መሐረቡን አወጣ፤ እጁን ጠረገ።

«ሌላ ቅል አምጡልኝ» አለ።

አባቴን አላየውም፤ ስብሰባ ላይ አንድ አጀንዳ ዘግቶ ወደ ሌላው የሚያልፍ ነበር የሚመስለው። አባዬ ተነሳ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ ወጣ። ጺሙ ላይ ቦርዴ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ ሰው ቤት መሄድ ተወ። ሠርግ ሲጠሩት አሞኛል በሏቸው ይላል። ጎረቤት ሲሞት አዬ ብቻዋን ትሄዳለች። ሶዶን የሚያውቅ ሰው ለቅሶ አለመድረስ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ከነሕይወት መቀበር ነው። እኔ አባቴን እፍረት ሰበረው አልኩ። ማታ ማታ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ሲቀመጥ ሳየው ደሜ ይፈላል። ጥርሴን ነከስኩበት። ይህ ማዳ የተባለ ሰው፣ የሶዶ ሕዝብ ሁሉ እያየ፣ ጉንጩን ከአባቴ ጉንጭ ገጥሞ ካልጠጣ እኔ የአንጁሎ ልጅ አይደለሁም አልኩ። አባቴም ያን ጊዜ ወደ ሰው ይመለሳል። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

መንገዱን ያሳየኝ ጋሽ ሥዩም ነው። ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ የሙዚቃ አስተማሪያችን ነበር፤ በኪነት ቡድናችን አኮርዲዮን የሚጫወትልንም እሱ ነው። በእጅ የሚጠመዘዝ የሸክላ ማጫወቻና ዳሩ የተሸረፈ አንድ የዘፈን ሸክላ ነበረው። ነሐሴ ነው፤ ጣሪያው ላይ ዝናቡ ስለሚያጓራ ማጫወቻውን ከበን ጆሯችንን አስጠግተን ነበር የምንሰማው። አንዲት ሴት እየዘፈነች ትስቃለች፤ አንድ ወፍራም ድምፅ ይቆጣታል፤ እሷ ይብስባታል። ምን እያሉ ነው አልነው።

ጋሽ ሥዩም አስረዳን። በፈረንጅ አገር መጀመሪያ ላይ በዜማ የሚሄደው ተውኔት የነገሥታትና የአማልክት ብቻ ነበር አለ፤ ረጅም ነው፣ ሰው እየሞተም ይዘፍናል። ሕዝቡ እንዳይሰለች በመሐል አጫጭር ቀልዶች ይገቡ ነበር፤ ብልጥ ገረድ፣ ቂል ጌታ፣ አሮጌ ስስታም። እነዚያ ቀልዶች ከዋናው በላይ ስለተወደዱ ውለው አድረው ራሳቸውን ቻሉ። እኔን የገረመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ጌቶቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ የገዛ አሽከሮቻቸው መድረክ ላይ ሲስቁባቸው እያዩ ያጨበጭቡ ነበር አለን። ለምን አልኩት። «ዜማው ስለሚጣፍጥ» አለኝ። ሌሎቹ ስለ ሴትየዋ ድምፅ ሲያወሩ እኔ በልቤ ማዳን የፊት ወንበር ላይ አስቀምጬው ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ ኮሚቴው። በዚያ ዘመን ማንኛውም ተውኔት ከመታየቱ በፊት ጽሑፉ በሦስት ኮፒ ተተይቦ ለባህል ኮሚቴ ይገባል። ሰብሳቢው ማነው? ማዳ። ግን ኮሚቴው የሚያነበው ንግግሩን ብቻ ነበር። ዘፈን ከሆነ ጽሑፉ ላይ «ዜማ» ተብሎ በቅንፍ ይቀመጣል፤ ያልፋል። የባህል ጭፈራ ነው፣ ምን ይነበባል? ከየቦታው የተመደቡ ሰዎች ስለነበሩ ግማሾቹ ወላይትኛም አይሰሙም። እንግዲህ እኔ ያደረግሁት ምንም ተንኮል የለበትም። ንግግሩን በሙሉ ዜማ አደረግሁት፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በወላይትኛ፣ እኛ ሶዶ ውስጥ እንደምናወራው አድርጌ። ሰው ዛሬ «ጋን ያጣ ሠርግ ለምን ያለ ንግግር ተዘጋጀ» እያለ ጥናት ይጽፋል፤ ስለ ጥበብ ያወራል። ሰዎች፣ ለማዳ ብዬ ነው።

ኮሚቴው የደረሰው ገጽ ተኩል ነበር። «ሠርገኞች ይገባሉ (ዜማ)። የሙሽሪት አባት ይቆጣል (ዜማ)። ዕቃ ይሰበራል (ዜማ)።» ማዳ አንብቦ ንግግር አለመብዛቱ ጥሩ ነው፣ ሕዝቡ ዘፈን ይወዳል አለ። ማኅተሙን በገዛ እጁ አሳረፈበት። መጨረሻ ላይ አንድ መፈክር እንድንጨምር አዘዘ፤ ጨመርን።

ታሪኩ ቀላል ነው። ጎዳ የሚባል አንድ ባለጸጋ አለ፤ ጎዳ በወላይትኛ ጌታ ማለት ነው። ልጁን ሊድር ሲል ሸክላ ሠሪ የነካውን ዕቃ ሁሉ ስበሩልኝ ብሎ ያዛል። አሽከሮቹ እያነሱ ይጠይቁታል፣ እሱ እያስሰበረ ይሄዳል፤ ጋኑም፣ ድስቱም፣ ሳህኑም ያልቃል። ሠርገኛ ይመጣል፤ መጠጥ በበርሜል አለ፣ መቅጃ የለም። እንዲህ ነበር የሚዘፈነው፦

«ይህንን ማን ሠራው?» «ሸክላ ሠሪ ናት።»
«ያንንስ ማን ሠራው?» «ያችው ሴትዮ ናት።»
«ስበሩት ሁሉንም፣ እኔ ንጹሕ ሰው ነኝ፤
ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ጠላውን ቅዱልኝ።»
«በምን እንቅዳልዎ?»

በምን እንቅዳልዎ የሚለውን አሥራ ሁለት ሰው ነበር የሚቀበለው፤ በየጊዜው ፍጥነቱ ይጨምራል። ጎዳ በመጨረሻ ባርኔጣውን ገልብጦ ቅዱልኝ ይላል።

ጎዳን የሚጫወተው ሽኩር ነው፤ የስልጤ ነጋዴ ልጅ፣ ቀጭን ረጅም፣ ዝም ሲል እንኳ የሚያስቅ። አባቱ የጨርቅ ሱቅ ስላላቸው ማዳ መሐረቡን የሚገዛው ከእነሱ ዘንድ ነበር። ሽኩር ሆዱ ላይ ትራስ አሰረ፤ ከሱቁ ያንኑ ዓይነት መሐረብ ወስዶ ቀኝ፣ ግራ፣ እጥፍ እያለ መስታወት ፊት ተለማመደ። አልኮል ስለማይቀምስ ቅሉ ውስጥ በሶ በውኃ በጥብጠን ነበር የምናደርግለት። ከቡድኑ ውስጥ የልቤን ሙሉ ነገር የነገርኩት ለእሱ ብቻ ነው። «ዘነቡ፣ ያስሩናል» አለኝ፤ ግን አልቀረም።

የቀረን የሚሰበር ሸክላ ነበር። ከአዬ በቀር ማን ይሠራልናል? ለኪነት ነው አልኩ፤ መድረክ ላይ ስለሚሰበር ሳስቶ፣ ሳይተኮስ ቢሠራ ይበቃል አልኳት። አዬ ተቆጣች። የእሷ እጅ ያለበት ዕቃ ለመሰበርም ቢሆን ልክ ሆኖ ነው የሚወጣው አለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ አበጀች፤ አባቴም አፈሩን አመላልሶ፣ በዝናብ መሐል ፀሐይ እየጠበቀ ተኮሰው። ምን ሊደረግ እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቀኝ። ታየዋለህ አልኩት። ዕቃውን የሚያራግፍ ሰው ስለሚያስፈልገን አህያውን ይዞ አዳራሹ ድረስ እንዲመጣና ከመጋረጃው ኋላ እንዲቆይ ለመንኩት። እንግዳ ሆኖ ሳይሆን ሥራ ይዞ ስለሆነ እሺ አለ።

የመስከረሙ በዓል እሑድ ቀን ከምሳ በኋላ ነበር። ከአዋሳ ትልልቅ እንግዶች መጥተዋል። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ተንጠልጥሏል፤ እርጥብ ልብስና የተጠበሰ እሸት ይሸታል። ማዳ የፊት ወንበር ላይ፣ ከእንግዶቹ መሐል፣ ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ። አናጢውም አለ፣ ሚስቱም አለች፤ የዚያን ቀን ሠርገኛ ግማሹ እዚያ ነበር።

መጋረጃው ተገለጠ። ሽኩር ሆዱን አስቀድሞ ገባ። ማዳ ከሁሉም ቀድሞ ሳቀ፤ ያፀደቀው ሥራ ነዋ። ከዚያ ሽኩር ከደረት ኪሱ መሐረቡን አወጣ፤ ዘረጋው፤ ቀኝ፤ ግራ፤ እጥፍ።

መጀመሪያ አንድ ሴት ሳቀች። ከዚያ አንድ ረድፍ። ከዚያ አዳራሹ ተነቃነቀ። ሰው የሚያየው መድረኩን አልነበረም፤ አንገቱን አስግጎ የፊት ወንበሩን ነበር የሚያየው። ማዳ ላብ ሊጠርግ እጁን ደረት ኪሱ ውስጥ አግብቶ ነበር፤ እዚያው ቀረ። ማውጣትም አቃተው፣ መተውም አቃተው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እኔ ያኔ ከመድረኩ ጥግ የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ልብስ ለብሼ ቆሜ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ልጆቼ ተመርቀዋል፤ እንደዚያች ደቂቃ ያለ ደስታ አላየሁም። ውሸት ምን ያደርጋል።

የአዬ ጋን ሲሰበር ጩኸቱ እስከ ውጭ ተሰማ። «በምን እንቅዳልዎ» ሲባል ሕዝቡ አብሮ ይቀበል ጀመር። የአዋሳው ሰው ከወንበሩ ሊወድቅ ደርሶ የማዳን ትከሻ ይደበድባል፤ ግሩም ሥራ ነው፣ እንዲህ ያለ ኮሚቴ ያስፈልገናል ይለዋል። ማዳ ምን ሊል ይችላል? ይህ እኔ ነኝ ሊል? የራሱ ማኅተም ነው ያረፈበት።

መጨረሻው ላይ ጎዳ በጥማት ተቃጥሎ የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ይለምናል። እሷም ቅል እሰጥሃለሁ፣ ግን አስቀድመህ ከአባቴ ጋር ጉንጭ ገጥመህ ጠጣ ትላለች። ጽሑፉ እዚህ ላይ ጠጥተው ይታረቃሉ ነበር የሚለው። የእኔ ሐሳብ ግን ሌላ ነው። ሽኩር ወደ ፊት ወጣና እኔ ማን ነኝ፣ ከእኔ የሚበልጡ ትልቅ ሰው እዚህ ተቀምጠው፣ ስለ እኔ ይጠጡልኝ ብሎ እየዘፈነ እጁን ወደ ማዳ ዘረጋ። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ የአዋሳው ሰው ክንዱን ይዞ አስነሳው። ወጣ። ምን አማራጭ አለው? እኔ ደግሞ ከመጋረጃው ኋላ ገብቼ አባቴን እጁን ይዤ አወጣሁት። አቧራ የነካው ካኪ ኮቱን እንደለበሰ ነበር። ያኔ ሰው የዚያ ሠርግ ነገር መሆኑ ገባው።

ቅሉን ይዤ መሐላቸው ቆምኩ። ማዳ ጎንበስ አለ። ጉንጩን አቀረበ፤ አዎ፣ አቀረበ፤ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው። ወዛም ጉንጩ የአባቴን ጉንጭ ይጠብቃል።

«አባዬ፣ ና ጠጣ» አልኩት።

አባቴ ቅሉን አልነካውም። ማዳንም አላየውም። እኔን አየኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ በወላይትኛ ተናገረኝ።

«ልጄ፣ አፍሬ የቀረሁ መሰለሽ?»

በአገጩ ወደ ሕዝቡ አመለከተ።

«ያን ቀን ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር። ከመቀመጫው የተነሳ አንድ ሰው የለም። እኔ እናንተን ተጸይፌ ነው የቀረሁት። ይህን ሰው ለብቻው ምን አደረገ ብዬ?»

ይህን ብሎ በመድረኩ ደረጃ ወረደ፤ በሕዝቡ መሐል አልፎ በዋናው በር ወጣ። ማዳ ጉንጩን እንደዘረጋ ቀረ። ሕዝቡም ፍጻሜው ይህ መስሎት ቆሞ አጨበጨበ፤ ከሁሉም አብልጦ አናጢው ያጨበጭብ ነበር። ጋሽ ሥዩም አኮርዲዮኑን አነሳና መዝጊያውን መታ። በማግስቱ ሰው ሁሉ ስለዚያ አወጣጥ ስላወራ ጽሑፉ ላይ ጨመረው። ተማሪዎቹ የሚጠይቁት ፍጻሜ እንግዲህ የእኔ ድርሰት አይደለም።

ማዳን በተመለከተ የተመኘሁትን አግኝቻለሁ። «መሐረብ» የሚል ስም ወጣለት፤ መንገድ ላይ ሲያልፍ ልጆች ከኪሳቸው ጨርቅ አውጥተው ቀኝ፣ ግራ፣ እጥፍ ይሉበት ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ላቡን በእጅጌው ሲጠርግ ነው የምናየው። በዓመቱ ዝውውር ጠይቆ ከሶዶ ወጣ። ደግ አደረግሁ። ዛሬም ቢሆን አደርገዋለሁ።

ነገር ግን ያን ቀን አዳራሹ ባዶ ሲሆን ስብርባሪውን እየጠረግሁ ሳለ፣ ሳስታውሰው የማልወደው ነገር መጣብኝ። ማዳ ቅሉን ሲሰብር ሠርግ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። የጸጥታው ርዝመት ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው። የሙሽራው እናት፣ የአናጢው ሚስት፣ ደንግጣ ወደ እኛ ወደ ዘፋኞቹ በእጇ ቀጥሉ፣ ቀጥሉ አለች። ቀዳሚዋ እኔ ነበርኩ። ዘፈኑን እኔ ካላነሳሁ ማንም አያነሳም። አባቴ ገና ደፉን አልተሻገረም ነበር። አነሳሁት። ሌሎቹ ተቀበሉኝ፣ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፣ ለማዳ ሌላ ቅል መጣለት። ድምፄ ያን ቀን ያምር ነበር።

ሐሙስ ማታና ዓርብ ሙሉ ቀን ቁጭ ብዬ የልጁን ወረቀት እንደገና ጻፍኩት። የማዳን በጎ ሐሳብ ሰረዝኩ፤ ያደረገውን በሁለት መስመር አስቀመጥኩ። ከሥሩ በዚያ ሠርግ ቤት ተቀምጠው የነበሩትን፣ እኔ የማስታውሳቸውን ሰዎች ስም ደረደርኩ፤ አሥራ አራት ሆኑ። አብዛኞቹ አፈር ገብተዋል፤ የአንዳንዶቹ ልጆች ዛሬ የተከበሩ ናቸው። መጀመሪያ የጻፍኩት የአናጢውን ስም ነው። መጨረሻ ላይ «ዘፋኟ፣ ዘነበች አንጁሎ» ብዬ ፈረምኩበት።

ሰኞ ልጁ መጣ። ቆሞ አነበበ፤ ወንበሩን ስቤለት እንኳ አልተቀመጠም።

«ቲቸር፣ ይሄ መጀመሪያ ላይ ያለው አያቴ ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት። «ስምህን ስትነግረኝ ነው ያወቅሁት። ከታች የእኔን ታገኛለህ። የአያትህን ከሰረዝክ የእኔንም ሰርዝ፤ ተማሪዎችህ ለምን አልጠጣም ሲሉህ ግን ምን እንደምትላቸው ራስህ ፈልግ።»

በረንዳ ላይ ጫማውን ሲያስር ብዙ ቆየ። ያትመው አያትመው እስካሁን አላወቅሁም። በዓሉ ሊደርስ አሥር ቀን ቀርቶታል፤ እኔ ግን እሄዳለሁ፣ የፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።

ልጆቼ ይህን ቂም መቼ ነው የምትተዪው ይሉኛል። ማዳን ተበቅዬዋለሁ። ዝም ብለው የተቀመጡትንም ይህ ወረቀት ከወጣ ይበቀልልኛል። እኔን ግን የተበቀለኝ አባቴ ነው። ድሮ ሸክላ ሲተኩስ እሳቱ ዳር ቁጭ ብሎ ልጄ ዝፈኚልኝ ይለኝ ነበር። ከዚያ ሠርግ ቀን ጀምሮ እስኪሞት፣ አንድ ግቢ ውስጥ አብረን ስንኖር፣ አንድ ቀን እንኳ ዝፈኚልኝ ብሎኝ አያውቅም።